ውል

ውጭው ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ ነው፣
በረዶው ከጫማ ሥር እንደ ቆሎ የሚንቋቋው።
ዳውፊን፣ ማኒቶባ፤ የካቲት፣ ማክሰኞ ማታ፣
ምክር ቤቱ ተሰይሟል ለአንድ ጉዳይ፣ ለአንድ ቦታ፤
ለዚያ ባዶ ቤት፣
ቁልፉ እያለ በሩ ለጠፋበት።

እኔ ከጥግ ነኝ፤ የሒሳብ ክፍል ሠራተኛ፣
ሲጠይቁኝ ቁጥር የምናገር፣ ካልጠየቁኝ የምተኛ።
ከፊት ወንበር ዶሪን ኮዋልቹክ ሹራብ ትሠራለች፣
ልቃቂቷን ከእግሯ ሥር እንደ ድመት አስተኝታለች።

ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ያ ትልቅ ሱቅ መጣ፤
"ጎረቤታችሁ ይጠራኛል፤ ካልደጎማችሁኝ ልውጣ።"
እኛም ሳሩን እንዳየ በሬ ሆነን፣
የአሥር ዓመት ግብር ማርን፣
ቧንቧ በራሳችን ወጪ ዘረጋን፣ መንገድ አሰፋን፣
ዜሮው የበዛ ቼክ ጻፍን።
ቼኩን ያዘጋጀው ይህ እጄ ነው፣
ማህተሙን የመታው ይኸው ነው።
ያን ዕለት ኬክ ተቆረሰ፤ ለእኔም ከጠርዙ ደረሰኝ፣
አልዋሽም፤ ጣፈጠኝ።

ውድድር ነው አሉን። ውድድርን ማን ይጠላል?
አንዱ በእግሩ ሲሮጥ ሌላውን ፈረስ ላይ የሰቀለ ዳኛ ግን ምን ይባላል?
የፈረሱን ገፈራ ከእግረኛው ጓዳ እየዛቀ፣
"ያሸነፈ ያሸንፍ" ብሎ ፊሽካውን ይዞ እየሳቀ?

የዶሪን ሱቅ ግብሩን ይከፍል ነበር በሰዓቱ፣
አርባ አራት ዓመት ሙሉ፤ ደረሰኙ አለኝ፣ እስከ ቁጥሩ እስከ ዕለቱ።
በከፈለችው ገንዘብ የሚጥላትን ገዛንላት።
በሦስተኛው የበረዶ ወራት የሱቋን መብራት ስታጠፋ አየኋት።

አሥር ዓመቱ አለቀ። ግብር መክፈያው ደረሰ።
ትልቁ ሱቅ ዕቃውን ጭኖ፣ የምስጋና ደብዳቤ ጽፎ ገሠገሠ።
ሕንፃውን ሸጠው፤ ግን ከሽያጩ ግርጌ፣ በጉንዳን ፊደል፣
"በዚህ መሬት ላይ ለሃያ ዓመት ማንም ምግብ አይሸጥም" የሚል።
ስንዴ እስከ አድማስ በሚተኛበት አገር፣
አንድ ቁራሽ መሬት በፊርማ ጦሙን እንዲያድር!
እኛ ለወተት ስድሳ ኪሎ ሜትር እንነዳለን፣
መንዳት ያቃታቸው ሽማግሌዎች ከቆርቆሮ ይበላሉ፤ እናውቃለን።

ዛሬ ሕጉ መሻሻሉን ጠበቃው አነበበ፤ ሁለቴ፣ ቀስ ብሎ፦
ተፎካካሪን ከመሬት የሚያግድ ውል ከእንግዲህ አይጸናም ብሎ።
አዳራሹ ዝም አለ።
የተደሰተም አለ፣ ያልገባውም አለ፣ ያንቀላፋም አለ።

ያኔ የዶሪን ልቃቂት ሾልኮ ተንከባለለ በወለሉ፣
ከጫማዬ ደርሶ ቆመ። "እስቲ ፈልግልኝ" አለች፣ "የት ገባ ውሉ?"
በእሷ ቋንቋ የክር ጫፍና የፊርማ ስምምነት አይተዋወቁም፣
በእኔ ግን አንድ ቃል ናቸው፤ አብረው ቢጠፉ አይደንቅም።

ጣቴ ክሩ ውስጥ ሲዳክር ያ ገጽ ትዝ አለኝ፤ ሰባ አንደኛው።
"ሲለቅ በመሬቱ ላይ ገደብ ማኖር ይችላል" የሚለው።
አንብቤው ነበር፤ አዎ፣ ከፊርማው በፊት፣ በእርሳስ አስምሬ።
ቁጥር የለበትም ብዬ አለፍኩት፤ ማንም አልጠየቀኝም፤ ዝም አልኩ እስከ ዛሬ።

ውሉን አገኘሁት። ቀይ፣ አጭር፣ ትንሽ የተቆጣ ጫፍ።
ሰጠኋት። አመሰገነችኝ። አላወቀችም።

ከንቲባዋ ቀጣዩን አጀንዳ አነበበች፦
ለአዲስ መጋዘን ድጎማ፣ ሦስት ሚሊዮን፤
ሰነዱ መቶ አራት ገጽ፣ ድምፅ የሚሰጠው ዛሬውኑ፤
ካልሆነ ጎረቤት ከተማ ይጠራዋል።

እጄ ተነሣ። ወንበሮች ሲዞሩ ተሰሙኝ።
"ሒሳብ ክፍል? ቁጥሩ ተሳስቷል?"
"ቁጥር አይደለም" አልኩ፤ ድምፄ እንደ አሮጌ በር፣
"ከመጨረሻው ገጽ ጀምሬ ላንብበው ነበር።"

ዶሪን መርፌዋን አቆመች።